የጭሮ ትልቅ ቁጥር፦ ሦስት የዘመን አቆጣጠሮች የሚገናኙበት ቀን

14,371,363,636,371 የቀናት ብዛት ነው። በምዕራብ ሐረርጌዋ ጭሮ፣ ማለትም በቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ እንዲሁም በሒርና፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በምኤሶ ሦስት የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ቤተ ክርስቲያኑና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በኢትዮጵያ ዘመን ይቆጥራሉ፤ መስጊዱ በሒጅራ፤ ከጅቡቲ የሚወጣውና ወደዚያ የሚወርደው ጭነት ሰነድ ደግሞ በአውሮፓውያን። ሦስቱ ዛሬ የቆሙበትን ቦታ ሁሉ፣ ቀኑንና ወሩን፣ የሳምንቱን ዕለት፣ የስድስተኛዋን ጳጉሜ ተራ፣ የባሕረ ሐሳቡን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን የበዓላት ስሌት፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሳይቀር፣ እንዳለ በአንድ ቀን መልሶ ለማግኘት ከላይ የተጻፈውን ያህል ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓውያን ዓመት ሲመነዘር 39,347,457,200 ዓመት ነው፤ ሳይንስ ለዓለም ከሚሰጠው የ13.8 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህን የሚሰማ ሰው አቆጣጠሮቹ በጣም ረጃጅም ዙር ስላላቸው ነው ብሎ ይገምት ይሆናል። አይደለም። ከሦስቱ ረጅሙ ዙር 532 ዓመት ነው፣ አጭሩ 30። ቁጥሩን ያገዘፈው የዙሮቹ ርዝመት ሳይሆን በቂ የጋራ አካፋይ ማጣታቸው ነው፤ ይህም ከታሪክ የመጣ ነገር ነው። እያንዳንዱ አቆጣጠር በሌላ አገር፣ በሌላ ዘመን፣ ሌላውን ሳያስብ ተሠራ። ወደዚህ የጨርጨር ደጋ በደረሰ ቁጥርም ቁጥሩ አልተደመረም፤ ተባዛ።

ነገሩ ከትንሽ ስሌት ይነሣል። በየ4 ቀኑ ወደ ገበያ የሚወጣና በየ6 ቀኑ የሚወጣ ሁለት ነጋዴዎች ዛሬ ከተገናኙ የሚገናኙት በ24 ሳይሆን በ12ኛው ቀን ነው፤ ሁለቱም ለ2 ይካፈላሉና። አንዱ በየ4፣ ሌላው በየ7 ቀኑ ቢወጣ ግን 28 ቀን መጠበቅ አለባቸው፤ የሚያሳጥርላቸው የጋራ አካፋይ የለም። ትንሹ የጋራ ብዜት የሚባለው ይኸው ነው። የዘመን አቆጣጠር ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ከዚህ ሕግ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ግሪካዊው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እንደሚገጥም አሳየ። ችግሩ ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ከሆነ 19 ዓመት ሙሉ ቀን አይሰጥም፤ ሦስት አራተኛ ቀን ይተርፈዋል። አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ካሊፑስ ዙሩን በ4 አባዝቶ 76 ዓመት አደረገው፤ ይህም ልክ 27,759 ቀን ነው። 4 ዓመት 1,461 ቀን ሲሆን ይህ ቁጥር 3 በ487 ሲባዛ የሚገኝ ነው። 487 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። የፀሐይ ዓመት በሩብ ቀን ከተለካ ይህ 487 የትም አብሮ ይሄዳል፤ ማንም መርጦ አላስገባውም፣ ማንምም ሊያስወጣው አይችልም።

በእስክንድርያ 76 ዓመቱ በሳምንቱ 7 ቀን ተባዝቶ 532 ሆነ። የአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኩሴ አንያኖስ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ያለውን ዘመን በዚህ ዙር ቆጠረ፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ግን ስሌቱን ከእርሱ በፊት ለነበረው ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጡታል። ባሕረ ሐሳብ 19ን ንኡስ ቀመር፣ 76ን ማዕከላዊ ቀመር፣ 532ን ዐቢይ ቀመር ይላቸዋል። ዐቢዩ ቀመር 194,313 ቀን ነው፤ ብቸኛ አካፋዮቹም 3፣ 7፣ 19 እና 487 ናቸው። እዚህ ላይ የሠሪዎቹ ጥበብ ጎልቶ ይታያል፦ 4፣ 7 እና 19 እርስ በርስ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ብዜታቸው ያለ ምንም ብክነት አንድ ጊዜ ብቻ በየአራት ዓመቱ የሚዞረውን የዓመቱን ወንጌላዊ፣ ዕለቱንና ጨረቃን ያገጣጥማል። ሌላም ያማረ ነገር አለ። ዓመተ ዓለሙ በ19 ሲገደፍ ከሚተርፈው አንድ ተቀንሶ የሚገኘው ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል። 11ና 19 ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ አበቅቴና መጥቅዕ በማንኛውም ዓመት ተደምረው 30 ይሰጣሉ። ለ2017 ዓ.ም. ብናሰላ 5,500 ተደምሮ ዓመተ ዓለሙ 7,517 ነው፤ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፣ ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29። ተማሪ ስሌቱን የሚያረጋግጥበት ይህ ነው፤ የዛሬ የቁጥር ሊቃውንት የቀሪ ሂሳብ የሚሉትን ትምህርት የቅኔና የድጓ ተማሪው በቃሉ ይዞት ኖሯል።

ይህ ትምህርት ወደ ምዕራብ ሐረርጌ የገባበት በር የአሰቦት ገዳም ነው። በቆላው መካከል ተነጥሎ በቆመው ተራራ ላይ ያለው ይህ የቅድስት ሥላሴ ገዳም የአቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ መታሰቢያ ነው፤ እሳቸውም ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዛሙርት ይቆጠራሉ። በዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ዓመተ ምሕረትን እንደ ዛሬው ያለ ማቋረጥ አይቆጥሩም ነበር። ዐቢዩ ቀመር ሲሞላ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። 13ኛው ቀመር የሞላው በ6,916 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም በ1416 ዓ.ም. በዐፄ ይስሐቅ መንግሥት ነው። እስከዚህ ድረስ የዚህ አካባቢ ቁጥር፣ በገዳሙ በኩል ብቻ ካየነው፣ 194,313 ነበረ፤ ከሰው ልጅ ዕድሜ ቢበልጥም በታሪክ ሊደረስበት የሚችል።

ገዳሙ ግን ብቻውን አልነበረም። በሐረርጌ የተገኙ የዐረብኛ የመቃብር ድንጋዮች ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሒጅራ የተጻፈ ዘመን ይዘዋል። የሒጅራ ዓመት የጨረቃ ነው፤ 12 ወር፣ 354 ወይም 355 ቀን። የእስልምና ዘመን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ለስሌት እንዲመች 30 ዓመቱን በአንድ ዙር አስረው 11ዱን ዓመት 355፣ የቀሩትን 19 ዓመት 354 ቀን አደረጓቸው። ድምሩ 10,631 ቀን ነው። ይህ ቁጥር ለማን ይካፈላል ብሎ ከ2 ጀምሮ እስከ 103 ያሉትን 27 ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ የሞከረ ሰው ሁሉም እምቢ ሲሉት ያያል። 103 በራሱ ሲባዛ 10,609 ስለሆነ ከዚያ በላይ መሞከር አያስፈልግም፤ 10,631 ብቸኛ ቁጥር ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚዞረው በዚህ አንድ ሐቅ ላይ ነው። የዙሩ አስተካካዮች 7ን እንኳ አላካተቱም፤ 10,631 በ7 ሲገደፍ 5 ይተርፋል፣ ስለዚህ ሙሐረም አንድ ወደ ነበረበት ዕለት የሚመለሰው በ30 ሳይሆን በ210 ዓመት ነው። የገዳሙ 194,313ና የመስጊዱ 10,631 አንድም የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው የሚገናኙት ሙሉ በሙሉ ተባዝተው ነው፦ 2,065,741,503 ቀን፣ ወይም 5,655,692 የኢትዮጵያ ዓመት። 30 ዓመት ብቻ ያለው ዙር 532 ዓመቱን ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ አራዘመው።

ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ መሬት ላይ ሲገናኙ ታሪክ እጥፍ ሆኖ ተጻፈ። የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ለክርስቲያኑ ወገን በ1521 ዓ.ም. መጋቢት ነው፤ ለኢማም አሕመድ ዜና መዋዕል ጸሐፊ 935 ሒጅራ። ከዚያ ጦርነት በኋላ የኢቱ ኦሮሞ በጨርጨር ሰፍሮ ኦዳ ቡልቱምን የገዳው ማዕከል አደረገ፤ ዛሬ በጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፦ ሦስት አቆጣጠር ብሎ የገዳውን አራተኛ መተው ምን ማለት ነው? ገዳ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ያስተላልፋል፣ አምስቱ ክፍሎች በ40 ዓመት ዙሩን ይጨርሳሉ። በሩብ ቀን የፀሐይ ዓመት ብንለካው 40 ዓመት 14,610 ቀን ነው፤ 1,461 አስቀድሞ በቁጥሩ ውስጥ ስላለ የሚጨምረው 10 ብቻ ነው። ትልቁ ቁጥር 143,713,636,363,710 ይሆንና ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ይሆናል፤ ሌሎቹ ዙሮች ሁሉ ጎዶሎ ናቸውና። ሆኖም የገዳ ዓመት በጨረቃና በከዋክብት የሚመራ እንጂ በ1,461 የታሰረ ባለመሆኑ ይህን 10 በግድ ማስገባት ለገዳውም ለስሌቱም ታማኝ አይሆንም። ለክርክሩ ግን ይጠቅማል፦ ገዳ አካፋይ ስለሚጋራ ቁጥሩን በ10 ብቻ ያበዛል፣ የሒጅራ 30 ዓመት ምንም ስለማይጋራ በ10,631።

ሦስተኛው አቆጣጠር ከሩቅ ተነሣ። ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 4 ቀጥሎ ያለውን ቀን 15 ብለው ዐወጁ፣ በ400 ዓመት ውስጥም ሦስት የሠግር ቀን እንዲቀር አደረጉ። የ400 ዓመቱ ዙር 146,097 ቀን ነው፤ በብቸኛ አካፋይ ሲከፈል 3 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ፣ 7 እና 773። 7 ስላለበት 400 ዓመቱ ልክ 20,871 ሳምንት ነው፣ በዚህ ከባሕረ ሐሳብ ጋር ይስማማል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሮማ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን የበዓላትን ጊዜ ወደ ሮማው ሥርዓት ለማዞር ሞክረው ነበር፤ ከደም መፋሰስ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት ሲመለስ ይህም አብሮ ቀረ። በ1583 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስካሊጀር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ 28፣ 19 እና 15ን አባዝቶ የ7,980 ዓመት ዙር ለታሪክ ሊቃውንት አቀረበ። 28 በ19 ሲባዛ 532 ስለሚሆን 7,980 ከ532 አሥራ አምስት እጥፍ ነው፤ ዓመተ ዓለም 7,980 ሲሞላ ዘመኑ 2480 ዓ.ም. ይሆናል።

የሚኒልክ ጦር ወደ ሐረር ሲያልፍ ጨርጨር መንገዱ ላይ ነበረች። የጨለንቆ ጦርነት የተደረገው በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው፤ በሐረር 1304 ሒጅራ፣ በአውሮፓ 1887። የዚያን ዓመት ገና በአውሮፓውያን ጥር 6 ቀን ዋለ፤ ዛሬ የለመድነው ጥር 7 ነው። ልዩነቱን ያመጣው የ1900 እ.ኤ.አ. የካቲት ነው፤ በጎርጎርዮስ ሕግ 29ኛ ቀን አልነበረውም፣ በእኛ ግን ጳጉሜ 6 እንደተለመደው ሆናለች። ይህ ቀን የተንሸራተተው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ድሬዳዋ እየተዘረጋ ሳለ ነው። መስመሩ በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድሬዳዋ ገባ፣ በአሰቦትና በምኤሶ በኩል አልፎ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ጀምሮ የፈረንሳይ ኩባንያ የባቡር ሰሌዳ በቆላው ጣቢያዎች ላይ ሦስተኛውን ዘመን በየቀኑ ይለጥፍ ጀመር። በስሌቱ በኩል የጋራ አካፋዩ 21 ስለሆነ 146,097 ሙሉውን አይባዛም፣ 6,957 ብቻ ይጨምራል፤ 2,065,741,503 በ6,957 ሲባዛ በመክፈቻው የተጻፈው ቁጥር ይወጣል። አካፋዮቹም 3 ሦስት ጊዜ፣ 7፣ 19፣ 487፣ 773 እና 10,631 ናቸው።

ደጋ ላይ ያለችውን ከተማ ያቆማት ሰው ከዚህ ጉዳይ ጋር እንግዳ አልነበረም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን በ1910ዎቹ ዓ.ም. ለአውራጃው ዋና ከተማነት መሠረቱ። በወጣትነታቸው በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት ተምረዋል፤ ሩሲያ እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ድረስ እንደ እኛ በአራት ዓመት ሠግር ስትቆጥር ነበር። በኋላም በምዕራብ አውሮፓ ኖረዋል፤ የቀን ልዩነቱን በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሮ ያውቁታል። ከተማዋ የተተከለችው ብዙኃኑ ሙስሊም በሆነበት አገር፣ በቤተ ክርስቲያን ዘመን የሚሠራ ጽሕፈት ቤት ይዛ፣ ከሐዲዱ ብዙም ሳትርቅ ነው። በሰላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ ደግሞ ሳይታወቅ ያለፈ ቀን መጣ፦ 14ኛው ዐቢይ ቀመር 7,448 ዓመተ ዓለም ላይ ሞላ፣ 1948 ዓ.ም. ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውዳቸውን 25ኛ ዓመት አክብረው የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት ሰጡ፣ አገሩ በዚያ ተጠምዶ ከረመ። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ቢሆን ጸሐፊው በቀጣዩ መስከረም ዓመቱን እንደገና አንድ ብሎ ይጀምር ነበር።

ስሌቱን የሚቃወሙ ሦስት ብርቱ ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ረመዳን የሚገባው ጨረቃ ታይታ እንጂ በ30 ዓመት ሰንጠረዥ አይደለም። ትክክል ነው፤ ሆኖም ጨረቃ በዓይን ከታየች ቀድሞ የሚታወቅ ዙር ጭራሽ የለም። ሰንጠረዡ መገናኛውን አራቀው፣ የዓይን ምስክርነት ግን ከነአካቴው ያጠፋዋል፤ ተቃውሞው ክርክሩን ያጠናክረዋል። ሁለተኛ፣ ሰማዩ ለእነዚህ ሕጎች አይታዘዝም። የሩብ ቀኑ ዓመት በየ128 ዓመቱ አንድ ቀን ከፀሐይ ይስታል፣ የጎርጎርዮሱ በ3,200 ዓመት ገደማ፣ የሒጅራው ሰንጠረዥ ከጨረቃ በ2,500 ዓመት ገደማ፤ ፀሐይ ራሷም የቀራት 5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው። ይህም እውነት ነው፣ ስለዚህ 14 ትሪሊዮኑ የሰማይ ቁጥር አይደለም፤ የሕግ ቁጥር ነው። ሕጎቹን ለጻፉት ሰዎች ግን ይህ ምንም አይቀንስባቸውም፤ 487ም 10,631ም ከሕጉ እንጂ ከፀሐይ አልወጡም። የቀኑ መግቢያም ይለያያል፣ በመስጊዱ ጀምበር ስትጠልቅ፣ በባቡሩ ሌሊት እኩል ላይ፤ ይህ ከአንድ ቀን ያነሰ መዛነፍ ስለሆነ ብዛቱን አይነካም።

ሦስተኛው ይከብዳል፦ ሰው የሚኖረው በትክክለኛ መገጣጠም ሳይሆን በመቀራረብ ነው። በ2009 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ በዋለ ማግስት አረፋ ሆነ። በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ አረፋ በጳጉሜ ውስጥ ነበረ። 33 የሒጅራ ዓመት ከ32 የፀሐይ ዓመት የሚለየው በስድስት ቀን ነው፣ 67ቱ ከ65ቱ የሚለየው ከአንድ ቀን ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ጊዜ የሚመጣ ጉርብትና ካለ 39 ቢሊዮን ዓመት ማን ይፈልጋል? መልሱ እነዚህ ጉርብትናዎች ቁጥሩን የሚያፈርሱ ሳይሆኑ የሚያስረዱት መሆናቸው ነው። 33ና 67 ጥሩ የሆኑት ቀሪያቸው ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ዜሮ ስለሆነ አይደለም፤ ቀሪውን ወደ ዜሮ ለማውረድ ብቸኛ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መክፈል ግድ ይላል። እስከዚያው በእነዚህ ከተሞች ሦስቱን ሳይዛነፍ የሚያስተሳስረው ሳምንቱ ብቻ ነው። የሦስቱም ዓርብ አንድ ዓርብ ነው፤ ሳምንት ዘመንን አይጠይቅም፣ ሠግርም አያውቅም። ገበያና የስብሰባ ቀጠሮ በዕለት ስም የሚያዘው ለዚህ ይመስለኛል።

በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ከሰበታ የመጣው የአንዱ የቻይና ኩባንያ ሥራና ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚወርደው የሌላው ሥራ የተገናኙት ምኤሶ ላይ ነው፤ ሐዲድ በስምምነት ይገጥማል። ዘመኖቹ ግን በ2092 ዓ.ም. እንደገና ይንሸራተታሉ፤ የ2100 እ.ኤ.አ. የካቲት 29ኛ ቀን የለውምና የ2093 መስከረም 1 በአውሮፓውያን መስከረም 12 ይውላል፣ ገናም ከዚያ ወዲያ ጥር 8። የዓመት ልዩነታችንም ለዘላለም ሰባትና ስምንት አይደለም። 194,800 የአውሮፓውያን ዓመት በእኛ 194,796 ዓመት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ተጨማሪ አራት ዓመት ወደ ኋላ እንቀራለን። ታዲያ የኢትዮጵያ አቆጣጠር የጎርጎርዮስን የሠግር ሕግ ቢቀበልስ? 487 ይወገዳል፣ ሁለቱ የፀሐይ ዘመናት ይታረቃሉ፣ የፋሲካውን 19 እንኳ ብንተው የቀረው መገናኛ 146,097 በ10,631 ሲባዛ የሚገኘው 1,553,157,207 ቀን ነው፤ 4,252,400 ዓመት። ከሺህ በሚቆጠር እጥፍ አንሷል፣ ሆኖም ከመስጊዱ ጋር ያለው ርቀት ምንም አልተነካም፤ 10,631ን የሚያካፍል ቁጥር እስክንድርያም ሮማም ውስጥ የለም።